ጓሳ ላይ ጉም ሲወርድ፦ ስልክ ሲሞት በካርታና በኮምፓስ መሄድ

የእህቴ ልጅ ስልኩን ከጃኬቱ ኪስ ሲያወጣ ባትሪው 41 ፐርሰንት ይላል። የጫነውን ካርታ ከፈተ፤ ሰማያዊዋ ነጥብ ብቅ አለች፤ ሊያሰፋት ጣቱን ሲያስጠጋ ስክሪኑ ጨለመ። መልሶ ሲያበራው ባዶ የባትሪ ሥዕል አሳየውና ጭራሽ ሞተ። የጓደኛው ስልክ ከጠዋቱ ካፊያ በኋላ ጣት አልሰማም ካለ ቆይቷል። የእኔው ስልክ መኪና ውስጥ ቀርቷል። ፓወር ባንክ ይዘናል፤ ገመዱን ረስተነዋል። መጋቢት ነው፣ የበልግ ሰሞን፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል። ከገደሉ ሥር የተነሣው ጉም የሰሜን ሸዋውን ደጋ፣ መንዝ ጓሳን፣ ሸፍኖት፣ ሠላሳ ሜትር ላይ ያለ ጅብራ፣ ያ ረጅም የደጋ ተክል፣ ቆሞ የሚጠብቀን ሰው ይመስላል። ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ሰርቬየር ነበሩ» አለኝ የእህቴ ልጅ።

ሰርቬየር ማለቱ ትንሽ ማካበድ ነው። 22 ዓመት በመንገድ ሥራ የቅየሳ ረዳት ነበርኩ፤ ችካል ተከልኩ፣ ስታፍ የሚባለውን የመለኪያ ዘንግ ተሸከምኩ፣ ወደ መጨረሻው አካባቢ መሣሪያው ኋላ ቆምኩ። ካርታና ኮምፓስ ግን ይዣለሁ። ይዤም፣ ልጆቹን ለ25 ደቂቃ ያህል በቀጥታ ወደ ገደሉ መራኋቸው። እንዴት እንደሆነ እደርስበታለሁ፤ መጀመሪያ ከመኪናው ስንወርድ ማድረግ የነበረብንን ልንገራችሁ።

ካርታው ከመኪናው በር ጀምሮ በእጅ ነው

ብዙ ሰው ካርታን እንደ መለዋወጫ ጎማ ያየዋል፤ ስልኩ ሲሞት ይወጣል ብሎ ያስባል። በዚያን ሰዓት የሚወጣ ካርታ ከወረቀት አይሻልም። «እዚህ ናችሁ» የሚል ነገር የለበትም፤ ያንን ለካርታው የምትነግሩት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ስልኩም በሚሠራበት ሰዓት አውራ ጣታችሁ ካርታው ላይ ይሁን፤ በሄዳችሁ ቁጥር ጣቱም ይሂድ። እኔ በየ20 እና 30 ደቂቃው እቆምና በእርሳስ ነጥብ አድርጌ አጠገቧ ሰዓቱን እጽፋለሁ። ኅዳጉ ላይ አንድ ቃል እጨምራለሁ፦ «ረግረግ»፣ «ኮርቻ»፣ «የጅረት መገናኛ»። ደብተር እንደማይጠላ ተማሪ መሆን ነው።

የምጠቀምበት 1፡50,000 የሆነውን የአገራችንን የመልክዐ ምድር ካርታ ነው፤ የድሮው የካርታ ሥራዎች ድርጅት ያወጣው፣ ዛሬ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር ያለው። 2 ሳንቲ ሜትር በመሬት 1 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቡናማዎቹ የከፍታ መስመሮች፣ ኮንቱር የምንላቸው፣ በየ20 ሜትሩ ተሰምረዋል። ካርታው አሮጌ ነው፤ አዲስ መንገድና አዲስ ሰፈር አታገኙበትም። ተራራውና ወንዙ ግን ቦታቸው ላይ ናቸው። መንገዱን ራሴ በቀይ እስክሪብቶ ስዬበታለሁ። አንድ ነገር ተጠንቀቁ፤ እነዚህ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ ነው፤ ስልካችሁ ደግሞ ሌላ መነሻ ይጠቀማል። ከስልክ የገለበጣችሁትን የኮኦርዲኔት፣ ማለት የቦታ መለያ፣ ቁጥር ሳታስተካክሉ በአሮጌው ካርታ ላይ ብታስቀምጡት ከ200 ሜትር በላይ ይስታል። በጠራራ ፀሐይ ይህ ምንም አይደለም፤ ገደል አፋፍ ላይ ነገር ነው። ካርታውን ካላገኛችሁት ኦፕን ስትሪት ማፕ በሚባለው ነፃ የኢንተርኔት ካርታ ላይ ተመሥርቶ የተሠራ፣ የአካባቢውን ኮንቱር የሚያሳይ ካርታ አትሙ፤ ስኬሉ በትክክል መታተሙን በማስመሪያ አረጋግጡ። ከዚያ ወፍራም ፌስታል ውስጥ ክተቱት። ጓሳ ላይ ያልተሸፈነ ወረቀት በአንድ ሰዓት ገንፎ ይሆናል።

ኮንቱር ማንበብ ያስፈራል ይባላል፤ ሁለት ነገር ከያዛችሁ ይበቃል። መስመሮቹ ሲጠጋጉ ዳገት ነው፣ ተጣብቀው ቡናማ ጭረት ሲመስሉ ገደል ነው፣ ሲራራቁ ሜዳ። ሁለተኛው፣ መስመሩ ወንዝ በሚያቋርጥበት ቦታ እንደ ጦር ጫፍ ይሾላል፤ ያ ጫፍ ሁልጊዜ ወደ ወንዙ መነሻ፣ ወደ ላይ ይጠቁማል። ይህችን ሁለተኛዋን በደንብ ያዟት፤ እኛን ያተረፈችን እሷ ናት።

ከመነሣታችሁ በፊት ካርታውን ኮፈኑ ላይ ዘርግታችሁ ሦስት ጥያቄ ጠይቁት፦ ገደሉ የት ነው? መንገዱ የት ነው? ውሃው ወዴት ይሄዳል? የጓሳ መልስ ይህን ይመስላል። ገደሉ በምሥራቅ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መሬቱ ወደ ስምጥ ሸለቆው ይወርዳል። ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ የሚሄደው መንገድ ከደቡብ ወደ ሰሜን ጓሳን ያቋርጣል፤ እኛ የተጓዝነው ከእሱ በስተምሥራቅ ነው። የገደሉ አፋፍ ደግሞ የውሃ መለያያ ነው፤ ከአፋፉ ወዲያ የወደቀ ዝናብ ወደ አዋሽ ይሄዳል፣ ወዲህ የወደቀው ወደ ምዕራብ ፈስሶ በጀማ ወንዝ በኩል ዓባይ ይገባል። ሦስቱን መልስ የያዘ ሰው ሌላው ሁሉ ቢጠፋው እንኳ «ጉም ከያዘኝ ወደ ምዕራብ፣ መንገዱ ይይዘኛል» ማለት ይችላል። የእናንተ ተራራ ሌላ ከሆነ መልሱ ይለያል፤ ጥያቄው ያው ነው።

ኮምፓሱ የማን አገር ነው?

ይህን ጉዳይ በፈረንጅ አገር መመሪያ ውስጥ እምብዛም አታገኙትም፣ ምክንያቱም እነሱን አይቸግራቸውም። ስቶክሆልም ያለች የአክስቴ ልጅ ከዓመታት በፊት ጥሩ ኮምፓስ ላከችልኝ። አዲስ አበባ ላይ ስከፍተው ቀስቷ ትንገዳገዳለች፣ ነጩ ጭራዋ ወደ ታች ተደፍቶ የቤቷን ወለል ይቧጥጣል። የተበላሸ መሰለኝ። አልተበላሸም። የመሬት መግነጢስ ስዊድን ላይ የቀስቷን ሰሜን ጫፍ አጥብቆ ወደ መሬት ይስባል፤ ሠሪዎቹ ሚዛኗ እንዲስተካከል ደቡብ ጫፏን ያከብዱታል። የመግነጢስ ወገብ ግን በእኛው አገር፣ በአዲስ አበባ አቅራቢያ ያልፋል። እዚህ ወደ ታች የሚስብ ነገር የለም፤ ስለዚህ የተጨመረው ክብደት ጭራዋን ይደፋታል። (በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ እ.ኤ.አ. በ1957 እና 58 አካባቢ የተቋቋመው ለዚህ ወገብ ቅርብ በመሆናችን ነው።)

ስለዚህ ኮምፓስ ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ «ግሎባል» የሚባለውን፣ ለሁሉም የዓለም ክፍል የሚሆነውን ጠይቁ። ከእጃችሁ ያለው የአውሮፓ ከሆነም አትጣሉት፤ ቀስቷ እስክትላቀቅ ድረስ ቤቷን ጥቂት ወደ ጭራዋ ወገን ማዘንበል ነው። በሩጫ አይሆንም፣ ቆሞ ነው። ዓይነቱን በተመለከተ፣ ግልጽ ፕላስቲክ መደብ፣ ተሽከርካሪ የዲግሪ ቀለበትና የጉዞ ቀስት ያለው ይበቃል። የሰዓት ማሰሪያ ላይ የምትለጠፈዋ ትንሽ ኮምፓስ ለጌጥ ናት።

ኮምፓስ ጠላት አለበት፦ ስልክ፣ ፓወር ባንክ፣ ቢላዋ፣ መኪና፣ የብረት አጥር። እነዚህ አጠገብ ሲሆኑ ቀስቷን ያስታሉ፤ ሲርቁ ትመለሳለች። ከሁሉ የከፋው ግን ማግኔት ነው፤ ጠንካራ ማግኔት አጠገብ ካደረች ቀስቷ ራሷ ትገለበጣለች፣ ቀዩ ጫፍ ደቡብን ማመልከት ይጀምራል። ይህ ተረት አይደለም፣ ደርሶብኛል። ሌላው ድንጋያችን ነው። ደጋው አብዛኛው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ ውስጡ ብረት አለበት፤ ቋጥኝ ላይ አስቀምጣችሁ አትለኩ። ከድንጋዩ ተነሡ፣ ደረታችሁ ላይ ያዙት፣ ሃያ እርምጃ ራቅ ብላችሁ ድገሙት። ሁለቱ ልኬት ከተለያየ ሦስተኛ ቦታ ፈልጉ።

ዲግሪውን መውሰድ

ይህን ለልጆቹ ያሳየኋቸው ጉም ውስጥ ተንበርክኬ ነው። የማውቀው የመጨረሻ ቦታ ኅዳጉ ላይ ተጽፏል፦ «8፡40፣ የሁለት ጅረት መገናኛ»። ከዚያ በኋላ ቀይ ቀበሮ አየን፤ ፎቶ እናነሳለን ብለን ተከተልናት፤ እኔም እርሳሴን ረሳሁ። 50 ደቂቃ። በዚያ በሚጠልፍ ሣር ላይ 50 ደቂቃ ሙሉ ቢኬድም ከ2 ኪሎ ሜትር አያልፍም። 2 ኪሎ ሜትር በካርታው 4 ሳንቲ ሜትር ነው። ከመገናኛው ዙሪያ 4 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ክብ በእርሳስ አዞርኩ። «ያለነው እዚህ ክብ ውስጥ ነው፤ ከዚህ ውጭ ልንሆን አንችልም» አልኳቸው። የእህቴ ልጅ ፊቱ ፈታ አለ። «ጠፍተናል» እና «እዚህ ክብ ውስጥ ነን» አንድ ስሜት አይሰጡም። የክቡ ምሥራቃዊ ጠርዝ ግን የተጣበቁትን መስመሮች ነክቷል።

አሁን ልኬቱ። የኮምፓሱን ጠርዝ ካላችሁበት ቦታ ወደምትሄዱበት ቦታ አስነኩት፤ የጉዞው ቀስት ወደ መድረሻው ይመልከት። እዚህ ላይ ሰው ገልብጦ ያስቀምጠውና መድረሻውን ትቶ ወደ መነሻው ይሄዳል። ከዚያ መደቡን በጣታችሁ ጭምቅ አድርጋችሁ ቀለበቱን አሽከርክሩ፤ ውስጡ ያሉት መስመሮች ከካርታው የሰሜን መስመሮች ጋር ትይዩ ይሁኑ፣ የሰሜኑ ምልክት ወደ ካርታው ራስ ይዙር። በዚህ ጊዜ ቀስቷን አትዩአት፤ ሥራ የላትም። ጉዞ ቀስቱ ሥር ያለውን ቁጥር አንብቡ። ከዚያ ከካርታው ላይ አንሡት፣ ደረታችሁ ላይ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ያዙ፤ አሁን እጃችሁን ሳይሆን መላ ሰውነታችሁን አዙሩ፣ ቀይዋ ጫፍ ቤቷ እስክትገባ፣ ማለትም ቀለበቱ ውስጥ ካለው የሰሜን ምልክት ጋር እስክትገጥም። ፊታችሁ የዞረበት መንገዳችሁ ነው።

የካርታ ሰሜንና የቀስት ሰሜን እኩል አይደሉም። በእኛ ደጋ አሁን ቀስቷ ወደ 3 ዲግሪ ገደማ ወደ ምሥራቅ ታዘነብላለች። ከካርታ ወደ ሜዳ ስትሄዱ 3 ቀንሱ፣ ከሜዳ ወደ ካርታ ስትመለሱ 3 ደምሩ። በካርታው ኅዳግ የታተመውን ቁጥር አትከተሉ፤ የዚያን ዘመን ነው፣ ይህ ነገር በየዓመቱ ጥቂት ይንቀሳቀሳል። 3 ዲግሪ ብትስቱ በ1 ኪሎ ሜትር 50 ሜትር ያህል ነው። መንገድ ለመድረስ ከሆነ እተወዋለሁ። ጠባብ መውረጃ ፈልጌ ከሆነ አልተወውም።

ሰማዩ ክፍት ከሆነና ያላችሁበትን ካላወቃችሁ፣ የምታውቋቸውን ሁለት የተራራ ጫፎች ለኩ፣ 3 ደምሩ፣ ከየጫፉ በካርታው ላይ መስመር መልሱ፤ የተገናኙበት እናንተ ናችሁ። መንገድ ወይም ወንዝ ዳር ከሆናችሁ አንድ ጫፍ ይበቃል፤ መንገዱ ሁለተኛው መስመር ነው። እኛ ግን አንድ ጅብራ ብቻ ነበር የሚታየን።

ውሃው ወደ እኛ መጣ

ወደ ምዕራብ፣ ቀለበቱን 270 ዲግሪ ብዬ ሞላሁ። ቀይዋን ቤቷ አስገባሁና ተነሣን። መሬቱ ቀስ እያለ ይወጣል። ወደ መንገዱ ስንሄድ መውረድ ነበረበት፤ ሆዴ ትንሽ ተጠራጠረ፤ ዓይኔ ግን ቁጥሩ ላይ ነበር። ከ25 ደቂቃ በኋላ ስንዝር የማትሞላ ጅረት ደረስን፤ በሣሩ ሥር የምትሾልክ። የእህቴ ልጅ ጓደኛ ኮዳውን ሊሞላ ጎንበስ አለ። ውሃው ከፊታችን መጥቶ በእግራችን መሀል ወደ ኋላችን ይሄዳል።

ቆምኩ። ካርታው ላይ፣ ክቡ ውስጥ ያሉት ጅረቶች በሙሉ ወደ ምዕራብ ነው የሚፈሱት። ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው ውሃው ከኋላው መጥቶ ይቀድመዋል እንጂ ፊት ለፊት አይገጥመውም። ወይ ውሃው ሽቅብ ይፈሳል፣ ወይ እኔ ተገልብጫለሁ። ይህን እያሰላሰልኩ ከፊታችን፣ ከጉሙ ውስጥ የጭላዳ ጩኸት መጣ። ከታች። ጭላዳ ቀኑን ሜዳው ላይ ሣር ሲግጥ ይውላል፣ ሲመሽ ወደ ገደሉ ወርዶ ያድራል። ጩኸቱ ከእግራችን በታች ከሆነ ከፊታችን ምን እንዳለ ማንም አይነግረኝ።

«ማነው ኮምፓሱን ያመጣው?» አልኩ። ራሴ ነኝ ያመጣሁት። ከአዲስ አበባ ስንነሣ ግን በእህቴ ልጅ ቦርሳ፣ በጎን ኪስ ከትቼው ነበር፤ እዚያው ኪስ ውስጥ ልጆቹ ለሙዚቃ የያዙት የብሉቱዝ ስፒከር ነበር። ስፒከር ማለት ማግኔት ነው። እስከ ጓሳ ድረስ ተቃቅፈው መጡ። (ተራራ ላይ ሙዚቃ የሚያሰማ ሰው ላይ ያለኝን ቅሬታ ለሌላ ቀን ላቆየው።) ጥፋቱ የስፒከሩ አይደለም፤ መኪናውን ስናቆም መንገዱ ከደቡብ ወደ ሰሜን ተዘርግቶ እያየሁት፣ ዞር ብዬ ቀስቷን ከእሱ ጋር ሳላመሳክር ነው የገባሁት። አሥር ሰከንድ ነበር የሚፈጀው።

የተገለበጠች ቀስት ሙሉ በሙሉ ከተገለበጠች ትሠራለች፤ ነጩን ጫፍ ሰሜን ብሎ መያዝ ነው። በከፊል ከሆነ ግን የትም አታደርስም። እንዴት ይለያል? ሦስት ጊዜ ቤቷን አሽከርክሬ ለቀቅኳት፤ ሦስቱንም ጊዜ አንድ ቦታ መጥታ ቆመች። ከዚያ የጅረቷን አወራረድ ከካርታው ጋር አስተያየሁ፤ ነጩ ጫፍ ሰሜን ቢሆን ውሃው ወደ ምዕራብ ይፈሳል፣ ልክ ካርታው እንዳለው። ሁለት ምስክር ተገኘ። ልጆቹን «ዛሬ ነጩ ነው አለቃው» አልኳቸው።

ከዚህ በኋላ ግን ቁጥር አላመንኩም፤ ውሃ አመንኩ። ጅረቷን በቀኛችን አድርገን ወደ ታች ተከተልናት። እንዲህ ያለ ነገር፣ ወንዝ፣ አጥር፣ የገደል አፋፍ፣ የሸንተረር ጀርባ፣ እንደ እጅ መያዣ ብረት ነው፤ እስካልለቀቃችሁት አያሳስትም። 40 ደቂቃ ያህል ከሄድን በኋላ ሌላ ጅረት ከግራ መጥታ ገባች። መገናኛው። ድንጋዩ ላይ ቅድም የበላነው የብርቱካን ልጣጭ ነበር፤ ልጆቹን ተቆጥቼ አስለቀምኳቸው፣ በልቤ ግን አመሰገንኳቸው።

ሆን ብሎ መሳት

ከመገናኛው እስከ መንገዱ 2 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ በታች ውሃው ረግረግ ውስጥ ስለሚገባ መተው ነበረብን። መኪናው መንገዱ ዳር ነው፣ በጉሙ ውስጥ ግን ከ30 ሜትር አይታይም። በቀጥታ ወደ መኪናው ብትለኩ፣ መንገዱ ላይ ስትወጡ መኪናው የለም፤ ቀኝ ይሁን ግራ አታውቁም፤ ግማሽ ሰዓት በተሳሳተ አቅጣጫ ትሄዳላችሁ። ስለዚህ አስባችሁ ሳቱት። መኪናው 282 ላይ ነበር። እኔ 10 ቀንሼ 272 ሞላሁ። 10 ዲግሪ በ2 ኪሎ ሜትር 350 ሜትር ያህል ነው፤ እንግዲህ መንገዱ ላይ የምንወጣው ከመኪናው በስተደቡብ ነው፤ ስንወጣ ወደ ቀኝ መታጠፍ ብቻ።

በጉም ውስጥ ኮምፓስ እያዩ መሄድ ቀጥ ብሎ አያስኬድም፤ እግር ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። ሦስት ሰው ካላችሁ እንዲህ አድርጉ። አንዱ ዓይን እስኪያጣው ትንሽ ሲቀረው ወደ ፊት ይሂድ፤ ኮምፓስ የያዘው ከኋላ ቆሞ «ወደ ግራ... ትንሽ... ቁም» ይበለው፤ ሲስተካከል ሁለቱ ይድረሱበት፣ እንደገና። ሦስተኛው እርምጃ ይቆጥራል። ቀርፋፋ ነው፤ 2 ኪሎ ሜትር ከአንድ ሰዓት በላይ ወሰደብን። ጉሙ ሲወፍር ጩኸት ይሰምጣል፣ ስለዚህ ፉጨት ተስማሙ፦ አንድ ግራ፣ ሁለት ቀኝ፣ ረጅም ቁም።

እርምጃ መቁጠር ከቅየሳ ያመጣሁት ልማድ ነው። ግራ እግሬ በወደቀ ቁጥር አንድ እላለሁ። በአስፋልት ላይ 64 ስል 100 ሜትር ነው፤ በጓሳ ሣር 78፣ በዳገት 90 ይደርሳል። የእናንተን ቤት አጠገብ ባለ የኳስ ሜዳ ለኩ፤ ረጅሙ ጎን ብዙውን ጊዜ 100 ሜትር ገደማ ነው፣ ግን በሜትር ለኩት። መቶ ሜትሮቹን እንዳልረሳ ድሮ የእናቴን መቁጠሪያ ይዤ በጠጠሯ እቆጥር ነበር፤ «ጸሎት ነው ወይስ ቀረጥ የምትሰበስብበት?» ብላ ነጠቀችኝ። አሁን የጫማ ማሰሪያ ላይ ሃያ ቋጠሮ አለኝ። ሃያው ሲያልቅ 2 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱ ካልመጣ መቆምና ማሰብ ነው፣ መቀጠል የለም።

ኮምፓስም ባይኖር

«እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በደቡብ ናት» የሚለው የፈረንጅ ትምህርት እዚህ በዓመት ከአራት ወር በላይ ውሸት ነው። በጓሳ ኬክሮስ፣ ከሚያዝያ 9 ገደማ እስከ ነሐሴ 20 ገደማ፣ የቀትር ፀሐይ በሰሜናችን ታልፋለች፣ ጥላችን ወደ ደቡብ ይወድቃል። የሰዓትን ቀስት ወደ ፀሐይ ማመልከት የሚባለውም ዘዴ አይሠራም፤ በዚያ ላይ ሰዓታችሁ ቀትር ላይ 6 የሚል ከሆነ ጭራሽ ሩብ ዙር ያስታችኋል። የሚሠራው በትር ነው። ክንድ የሚያህል በትር ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ፣ የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት አድርጉ፣ 20 ደቂቃ ጠብቃችሁ ሁለተኛ ጠጠር አስቀምጡ። የመጀመሪያው ጠጠር ምዕራብ፣ ሁለተኛው ምሥራቅ ነው። ቀትር አካባቢ ሲሆን ይበልጥ ያምራል። ፀሐይ መውጫም ቢሆን ሁልጊዜ ምሥራቅ አይደለም፤ በሰኔ ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ 24 ዲግሪ ያህል ይሸሻል። በሌሊት የሰሜን ኮከብ አለች፤ ከአድማስ በላይ ክንድ ዘርግቶ አንድ ጭብጥ ያህል ብቻ ስለምትወጣ ትንሽ ጉብታ ይሸፍናታል።

ከነዚህ ሁሉ የማምነው ቤተ ክርስቲያን ነው። ቤተልሔሟ፣ መገበሪያው የሚጋገርባት ጎጆ፣ ከመቅደሱ በስተምሥራቅ ናት። መስጊድ ካገኛችሁ ደግሞ ቂብላው ይነግራችኋል፤ መካ ለሰሜን ሸዋ በቀጥታ ሰሜን ናት ማለት ይቻላል።

ሰው ካገኛችሁ ግን ሰው ይቅደም፤ አጠያየቁን ብቻ ዕወቁበት። «አባቴ፣ ይሄ ወደ መንገዱ ይወስዳል?» ካላችሁ «አዎ ልጄ» ይሏችኋል፤ እንግዳን እንቢ ማለት ነውር ነው። «መንገዱ በየት ነው?» ብላችሁ እጃቸው እስኪጠቁም ጠብቁ። ርቀት አትጠይቁ፤ «እዚህችው ናት» ሁለት ሰዓት ሊሆን ይችላል። «ከብቶቹን ይዘው ቢሄዱ ሲመሽ ይደርሳሉ?» በሉ፤ ይህን በትክክል ያውቁታል። እረኛ ልጅ ከሆነ ደግሞ ከማንኛውም ካርታ ይበልጣል፣ ገደሉን በየድንጋዩ ያውቀዋል።

ስለ መምሸት አንድ ነገር። የእኛ ጀምበር አታስታምምም፤ 12 ሰዓት አካባቢ ወይም ትንሽ ቆይታ ስትገባ፣ ከ20 እና 25 ደቂቃ በኋላ እግራችሁን አታዩም። ገደል ባለበት ጉም ውስጥ በባትሪ አትሂዱ። 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን ነፋስ የማይነካው ቦታ ፈልጋችሁ፣ ቦርሳችሁ ላይ ተቀምጣችሁ፣ ተጠጋግታችሁ ማደር ይሻላል። ከመነሣታችሁ በፊት የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ለአንድ ሰው ተናገሩ፤ እኔ መኪናው መስታወት ላይም ጽፌ እተዋለሁ።

ልጆቹ 17ኛው ቋጠሮ ላይ ሲደርሱ የጭነት መኪና ድምፅ ሰማን፣ ከፊታችን። 18ኛው ላይ የእህቴ ልጅ ወደ ፊት ሄዶ ፉጨቱን ረስቶ ጮኸ፤ ጠጠር መንገድ ላይ ቆሟል። ወደ ቀኝ ታጠፍን። ጓደኛው ተጠራጥሮ «ጋሼ፣ ግራ ቢሆንስ?» አለ። 300 እርምጃ ቆጥር አልኩት። 260 ላይ የመኪናው የኋላ መብራት ከጉሙ ወጣ።

መኪናው ውስጥ ማሞቂያው ሲሠራ የእህቴ ልጅ ስልክ ተነሣ። 38 ፐርሰንት። በብርድ የደከመ ባትሪ ነበር፤ ብብቱ ሥር ይዞት ቢሆን ኖሮ ምናልባት አይሞትም ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልኩን ከሹራቡ ሥር ይይዛል። ስፒከሩን ቤት ይተወዋል። ኮምፓሷን አዲስ አበባ ላይ በጠንካራ ማግኔት መልሼ አቃናኋት፤ አሁን መሳቢያ ውስጥ ናት። አዲሷ በክር አንገቴ ላይ ናት፤ ከመኪና ስወርድ መጀመሪያ የማደርገው መንገዱ መሀል ቆሜ እሷን ከመንገዱ ጋር ማስተያየት ነው። ሾፌሮች ጡሩምባ ይነፉብኛል።